«ከ12 ፎቶዎቼ 11ዱ ተመለሱብኝ፤ አዲስ ካሜራ ልግዛ ወይስ ልተወው?»

ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጅ፣

የምተዳደረው በሂሳብ ሠራተኝነት ነው። ፎቶ ማንሳት ግን ከልጅነቴ ጀምሮ እወዳለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት ያገለገለ ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ አብሮት ከሚመጣው 18-55 ሌንስ ጋር ገዛሁ። ያነሳኋቸውን ያየ ሁሉ «እጅሽ ይባረክ፤ ይሄን እኮ ብትሸጪው ገንዘብ ነው» ይለኛል። እኔም ልቤ ተነሳሳና ሻተርስቶክ በተባለው የፎቶ መሸጫ ድረ ገጽ ላይ ተመዝግቤ አብልጬ የምወዳቸውን 12 ፎቶዎች ላክሁ። 11ዱ ተመለሱ። ምክንያት ተብለው የተጻፉት «ኖይዝ»፣ «ፎከስ»፣ «የንግድ ምልክት» እና «ተመሳሳይ ይዘት» ናቸው። ያለፈችው አንዲት የአበባ ፎቶ ናት፤ እሷንም በሁለት ወር ውስጥ የገዛት የለም።

ምን እደብቃለሁ፣ አልቅሻለሁ። ባለቤቴ ደግ ሰው ነው፤ ግን «የዕረፍት ቀንሽን ለምን በዚህ ታቃጥያለሽ?» ማለት ጀምሯል። እኔ ደግሞ ጥፋቱ የካሜራው ይመስለኛል። ለክፉ ቀን ብለን ያስቀመጥነው ገንዘብ አለ፤ ከእሱ ላይ አንስቼ ፉል ፍሬም የሚባለውን፣ ብርሃን የሚቀበለው ክፍሉ ሰፊ የሆነ ካሜራ ብገዛስ እላለሁ። ለባለቤቴ ገና አልነገርኩትም።

ሌላው የሚያስጨንቀኝ የጓደኛዬ ነገር ነው። ካነሳኋቸው ሁሉ የሚያምሩት የእሷ ፎቶዎች ናቸው፤ በተለይ ልጇን አቅፋ መስኮት አጠገብ የተቀመጠችበት። ለመሸጥ ግን እሷ የፈረመችበት ቅጽ ያስፈልጋል ተባልኩ። ልጠይቃት ስል አፌ ይያዛል። እምቢ ብትለኝ ቅር እሰኛለሁ፤ እሺ ብትለኝ ደግሞ በይሉኝታ ያደረገችው ይመስለኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ግራ የገባኝ ነኝ

ውድ እህቴ፣

የምትወጂውን ሥራ መርጠሽ ልከሽ በአንድ ቃል «ኖይዝ» ተብሎ ሲመለስልሽ ማልቀስሽ አይገርምም። ግን እዚያ ያለው መርማሪ «ይህች ሰው ዓይን አላት ወይስ የላትም» ብሎ አይደለም የሚያየው። ፋይሉን በሙሉ መጠኑ ከፍቶ አንድ ደንበኛ ገንዘብ ከፍሎ ለማስታወቂያ ወይም ለመጽሔት ቢያወርደው ያገለግለዋል ወይ ብሎ ነው የሚመለከተው። ወዳጆችሽ ያደነቁት ፎቶውን ነው፤ መርማሪው የመለሰው ፋይሉን ነው። ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል።

እስቲ ካሜራውን ከመውቀስሽ በፊት አንድ ነገር ሞክሪ። በጓደኛሽ ፎቶ ጀምሪና ኮምፒውተር ላይ ከፍተሽ ወደ 100 በመቶ አጉዪው። 24 ሜጋፒክስል ማለት 6000 በ4000 ነጥብ ማለት ነው። ስልክ ላይ ስታዪው ያ ሁሉ ተጨምቆ ስለሚታይ ጉድለቱ ይሸሸጋል። አሁን ጥቁሩን ፀጉር፣ የግድግዳውን ጥላ፣ ከአገጯ ሥር ያለውን ጨለማ ተመልከቺ። ቀይና አረንጓዴ አሸዋ የተነሰነሰ ከመሰለ ኖይዝ የተባለው እሱ ነው። ከዚያ ወደ ዓይኗ ሂጂ። ሽፋሽፍቷ አንድ በአንድ ይለያል ወይስ ሟሙቷል? ዓይኗ ደብዝዞ ጆሮዋ ወይም የልጁ እጅጌ ጥርት ያለ ከሆነ ፎከሱ ሌላ ቦታ አርፏል ማለት ነው።

እንዲህ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ካሜራው ሁሉንም በራሱ እንዲወስን ሲተው ነው። መስኮት አጠገብ ቢሆንም ወደ ማታ ላይ ብርሃኑ ያንሳል። የአንቺ ሌንስ 55 ላይ ሲደርስ ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳው ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትምና (የኤፍ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ቀዳዳው ይሰፋል) ካሜራው የጎደለውን ለማካካስ አይኤስኦውን፣ ማለትም ለብርሃን ያለውን ንቃት፣ ወደ 3200 ወይም 6400 ይሰቅለዋል፤ አሊያም ሻተሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ፣ ወደ 1/30 ሰከንድ ያወርደዋል። አንደኛው አሸዋ ያመጣል፣ ሁለተኛው የእጅሽን መንቀጥቀጥ ይቀርጻል። ስለዚህ ብርሃኑ እስከፈቀደ አይኤስኦውን ራስሽ 100 ወይም 200 ላይ አስሪው። ሰው ስታነሺ ሻተርሽ ከ1/125 እንዳይወርድ አድርጊ፤ ልጅ ካለበት ደግሞ 1/500 ቢሆን ይሻላል። ይህን ለማድረግ ብርሃኑ ካልበቃሽ ሰዓቱን ለውጪ፣ ወደ መስኮቱ ቅረቢ፤ እቃ ከሆነ የምታነሺው ካሜራውን ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር መቆሚያ) ላይ አቁሚው። ፎቶውንም በጄፔግ ብቻ ሳይሆን በሮው (ካሜራው ሳያስተካክል በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) አንሺ፤ ቀለምና ብርሃን ለማረም ብዙ ቦታ ይሰጥሻል።

ኖይዙን በሶፍትዌር እየፋቅሽ ልታድኚው ብትሞክሪ ቆዳው ሰም የተቀባ ይመስልና በሌላ ምክንያት ይመለስብሻል። የሚሻለው መጠኑን መቀነስ ነው። ሻተርስቶክም ሌላው የፎቶ መሸጫ አዶቢ ስቶክም ቢያንስ 4 ሜጋፒክስል ነው የሚጠይቁት፤ ፎቶሽን ወደ 3600 በ2400 ብታወርጂው ከ8 ሜጋፒክስል በላይ ይቀርሻል፣ ቀላል የሆነው አሸዋና ድብዘዛም አብሮ ይሰበሰባል። ፎከሱ ፈጽሞ የሳተውን ግን ይህም አያድነውም፤ እሱን ተይው። በተቃራኒው ትንሽ ፎቶን መንፋት ምንጊዜም ይታወቃል። ፎቶዎችሽን ከስልክ ወደ ኮምፒውተር የምታሻግሪው በቴሌግራም ከሆነ ደግሞ እንደ ተራ ፎቶ ስትልኪው ስለሚጨመቅ «ፋይል» በሚለው በኩል ላኪው፤ አለዚያ ከመጀመሪያውም የተበላሸ ነገር ነው የምትሰቅዪው።

«የንግድ ምልክት» የተባለው ምናልባት ጫማ ላይ፣ ስልክ ጀርባ ላይ ወይም ከበስተኋላ በቆመ መኪና ላይ ያለ ሎጎ ነው። ግማሹን አጥፍተሽ ግማሹ ከቀረ ይመለሳል፤ ሙሉ በሙሉ መጥፋት አለበት። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሥዕል፣ የመጽሐፍ ሽፋን፣ ንቅሳት እንኳ ባለቤት አለው። የኤፍል ማማን በቀን አንስቶ መሸጥ ይቻላል፤ የማታው የመብራት ሥራ ግን በቅጂ መብት የተጠበቀ ስለሆነ ለማስታወቂያ የሚሸጥ ፎቶ ሆኖ አያልፍም። «ተመሳሳይ ይዘት» ደግሞ ቀላል ነው፤ አንዱን ነገር በትንሹ እያዞርሽ አራት ጊዜ ልከሽ ይሆናል። አንዱን ምረጪ፤ ሁለተኛ ካስፈለገ ማዕዘኑና ርቀቱ የተለየ ይሁን።

እንግዲህ ወደ ገንዘቡ። ካሜራውን አትግዢ። ከላይ ከጠቀስኳቸው አራት ምክንያቶች አንዱንም ፉል ፍሬም ብቻውን አይፈታውም፤ በጨለማ ኖይዙን ይቀንስልሽ ይሆናል፣ ሎጎውን ግን የበለጠ አጥርቶ ነው የሚያሳየው። አንቺ የሂሳብ ሰው ስለሆንሽ በቁጥር እንነጋገር። ሻተርስቶክ ከፈረንጆቹ 2020 ጁን ጀምሮ ለአንሺው የሚከፍለው ከ15 እስከ 40 በመቶ ነው፤ ሁሉም ከ15 ይጀምራል፣ በዓመቱ ውስጥ 100 ፎቶ ከወረደ በኋላ ወደ 20 ይገባል፤ በየዓመቱ ጃንዋሪ 1 ቀን ደግሞ ተመልሶ 15 ላይ ይወድቃል። አብዛኛው ገዢ በወርኃዊ ጥቅል ስለሚያወርድ በአንድ ፎቶ የሚደርስሽ እስከ 10 የአሜሪካ ሳንቲም ዝቅ ሊል ይችላል። አዶቢ ስቶክ ለፎቶ 33 በመቶ ይከፍላል። ለስሌት ያህል በአማካይ 25 ሳንቲም ብንይዝ አንድ ሺህ ዶላር የወጣበት ካሜራ ወጪውን ለመመለስ 4,000 ጊዜ መውረድ አለበት። ለክፉ ቀን የተቀመጠ ገንዘብ በዚህ ተስፋ አይነካም። ገንዘብ ማውጣት ካለብሽ የማይወላወል ትራይፖድና ብርሃን መመለሻ የሚሆን አንድ ትልቅ ነጭ ካርቶን ይበቃሻል።

ለባለቤትሽ አለመንገርሽ ግን አሳስቦኛል። «ታቃጥያለሽ» ያለው ጊዜውን ነው ወይስ አብራችሁ የምታሳልፉትን ቀን? ጠይቀሽው ታውቂያለሽ? ሁለቱ የተለያየ መልስ ነው የሚፈልጉት። ስለ ካሜራው አስበሽ እንደነበርና እንደተውሽው ንገሪው። ከዚያ የተወሰነ ነገር አቅርቢለት፤ ለምሳሌ በሳምንት አንድ ግማሽ ቀን ለማንሳት፣ ሁለት ምሽት ለማረምና ለመስቀል፣ ለስድስት ወር፣ ከቁጠባው ምንም ሳይነካ። ስድስት ወር ሲሞላ ስንት ፎቶ እንዳለፈና ስንቱ እንደተሸጠ አብራችሁ ታያላችሁ። ልክና ማብቂያ ያለው ነገር ለሰሚውም ለሠሪውም ይቀላል።

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደረስን። አበባሽ ለምን አልተሸጠችም? ስለማታምር አይደለም። አበባ የሚያነሳው ሰው ብዛት ከሚገዛው ጋር አይመጣጠንም። ስቶክ ፎቶ፣ ማለትም ተነስቶ ለገዢ የተቀመጠ ፎቶ፣ የሚገዛው ሰው ለግድግዳው ጌጥ አይፈልግም፤ ጽሑፍ ጽፎ አጠገቡ የሚያስቀምጠው ምስል የጎደለው ሰው ነው። ስለ ግብር፣ ስለ ጀርባ ሕመም፣ ስለ ሕፃን እንቅልፍ፣ ስለ ቤት ኪራይ የሚጽፍ ሰው ነው። ስለዚህ ካሜራውን ከማንሳትሽ በፊት «ይህን ማን፣ ከምን ጽሑፍ ጎን ያስቀምጠዋል?» ብለሽ ጠይቂ። መልስ ካጣሽለት ለራስሽ አንሺው፤ እሱም ደስታ ነው፤ ለሽያጭ ግን አትድከሚበት።

አንቺ ደግሞ ሌላው አንሺ የሌለው ነገር በእጅሽ አለ፤ የሂሳብ ሥራን ከውስጥ ታውቂዋለሽ። ስለ ሂሳብ ሥራ የተነሱ ፎቶዎችን ፈልገሽ እዪ። ሱፍ የለበሰ ሰው ፈገግ ብሎ በእስክሪብቶ ወደ ግራፍ ሲጠቁም ታገኛለሽ። እንደዚያ ሆኖ ሂሳብ የሚዘጋ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? እውነተኛው የተከመረው ደረሰኝ ነው፤ መስመር እንዳይዘለል የሚደረደረው ማስመሪያ ነው፤ ድምሩ ሳይገጥም ሲቀር ጣት ወደ ላይ ተመልሶ አንድ በአንድ ሲወርድ ነው። ለአነስተኛ ነጋዴ ስለ በጀት የሚጽፍ ሰው የሚፈልገው ይህን ነው።

በቤትሽ ጠረጴዛ ላይ አዘጋጂው። ጠረጴዛውን መስኮት አጠገብ አድርገሽ ብርሃኑ ከጎን ይምጣ፤ ነጩን ካርቶን በተቃራኒው ጎን አቁሚና ጥላውን አለስልሺ። የካልኩሌተሩን የፋብሪካ ስም በወረቀት ቁራጭ ሸፍኚ ወይም በኋላ ላይትሩም በተባለው የፎቶ ማረሚያ ሶፍትዌር ውስጥ አጥፊው። የመሥሪያ ቤትሽን ወረቀት ፈጽሞ አታቅርቢ፤ የማንም ስም፣ ማህተም፣ ፊርማና የባንክ ቁጥር የሌለበት፣ ቁጥሩን ራስሽ የፈጠርሽው ሰንጠረዥ አትሚ። የገንዘብ ኖትም አታስገቢ፤ ብዙ አገሮች ኖት ስለማባዛት የራሳቸው ገደብ አላቸው። ካሜራው ትራይፖድ ላይ፣ አይኤስኦ 100፣ ቀዳዳው ኤፍ 8፣ ሲጫን እንዳይነቃነቅ በሁለት ሰከንድ ማዘግያ። የሚንቀሳቀስ እጅ ሲገባበት ግን ኤፍ 5.6 ላይ መልሺውና ሻተሩን ከ1/125 አታውርጂ። ከላይ ቁልቁል፣ ከጎን፣ ከዚያም እጅን ብቻ ቀረብ ብለሽ አንሺ። በአንድ በኩል ባዶ ቦታ መተውን አትርሺ፤ ገዢው ርዕሱን የሚጽፍበት እሱ ላይ ነው፤ ጀማሪዎች ፍሬሙን ሞልተው የሚያነሱት ይህን ባለማወቅ ነው። ያንኑ በአግድምም በቁመትም አንሺው። ከሠላሳው ስድስት የሚረባ ካገኘሽ ጥሩ ውሎ ነው።

ከማንሳቱ እኩል የሚያደክመው ቁልፍ ቃሉ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሰንፈውም እዚህ ላይ ነው። ገዢው ፎቶሽን በቃል ፈልጎ ካላገኘው እንዳልተነሳ ይቆጠራል። ሻተርስቶክ ከ7 እስከ 50 ቃል ይቀበላል፤ አዶቢ ስቶክ እስከ 49፤ እዚያ በተለይ የመጀመሪያዎቹ አሥሩ ይበልጥ ስለሚመዝኑ ቅደም ተከተሉን አስቢበት። ለዚያ የጠረጴዛ ፎቶ መጀመሪያ የሚታየውን ጻፊ፤ እጅ፣ ካልኩሌተር፣ ደረሰኝ፣ ጠረጴዛ። ቀጥሎ የሚሠራውን፤ መደመር፣ ማመሳከር፣ ሂሳብ መዝጋት። መጨረሻ ሐሳቡን፤ በጀት፣ ቁጠባ፣ ግብር፣ አነስተኛ ንግድ። አብዛኛው ገዢ የሚፈልገው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ መልሺው። ድረ ገጹ በራሱ የሚያቀርብልሽን ቃላት እንዳሉ አትቀበዪ፤ ፎቶው ላይ የሌለ ነገር ከገባበት ገዢው አይቶ ያልፈዋል፣ መርማሪውም ሊመልሰው ይችላል። ቃላቱን በላይትሩም ወይም ዲጂካም በተባለው ነፃ ሶፍትዌር ፋይሉ ውስጥ አንዴ ከጻፍሽ ሁሉም ድረ ገጽ ላይ አብረው ይገባሉ። የበዓልና የወቅት ፎቶ ከሆነ ደግሞ ሁለት ሦስት ወር ቀድመሽ ስቀዪው፤ አዘጋጆች የሚሠሩት ቀድመው ነው።

ስለ ጓደኛሽ የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። ይሉኝታዋን መፍራትሽ ለእሷ ስለምታስቢ ነው። ግን ሳትነግሪያት ከምትጨነቂ፣ እምቢ ማለት እንዲቀላት አድርገሽ ብትጠይቂያትስ? ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ ወዲያው መልስ እንድትሰጥሽ አትጠብቂ። «ይህን ፎቶ ልሸጠው አስቤያለሁ፤ ካልፈለግሽ ምንም አልቀየምሽም፣ ሳምንት አስቢበት» ብለሽ ቅጹን ስጫትና ሂጂ።

ከመፈረሟ በፊት ማወቅ ያለባትንም ሳትሸሽጊ ንገሪያት። ፎቶውን ማን እንደሚገዛው አታውቂም፣ መምረጥም አትችዪም። የባንክ ማስታወቂያ ላይ ሊወጣ ይችላል፤ እናቶች ስለሚገጥማቸው ድካም በተጻፈ ጽሑፍ ጎን ሊቀመጥም ይችላል። ድርጅቶቹ ፎቶው ላይ ያለውን ሰው በሚያዋርድ መንገድ መጠቀምን ይከለክላሉ፤ ይሁንና ከገዢው ጀርባ የሚቆም ጠባቂ የለም። ሐሳቧን ብትለውጥ ፎቶውን ከገጽሽ ማውረድ ትችያለሽ፤ ቀድሞ የገዛው ሰው ግን መጠቀሙን ይቀጥላል። ከገቢው ለእሷ የሚደርስ ነገር ካለ ምን ያህል እንደሆነ አሁኑኑ ተነጋገሩ፤ ትንሽ ቢሆንም በቃል አታሳድሩት። ልጁን በሚመለከት ወላጅ ወይም አሳዳጊ መፈረም አለበት፤ የእሷ ፊርማ ለቅጹ ቢበቃም አባትየው ሳያውቅ ባይሆን እመርጣለሁ። አብዛኞቹ ቅጾች የምስክር ፊርማ ቦታም አላቸው፤ ምስክሩ አንቺም እሷም ያልሆነ ሦስተኛ ሰው ይሁን። አንድ ቅጂ ለእሷ ስጫት።

ልጁን ብትቆጥበውና ራሷን ብቻ ብትፈቅድስ? በዚያም ደስ ይበልሽ፤ ሌላ ቀን እሷን ብቻዋን በጥሩ ብርሃን ታነሻታለሽ፤ አሁን ያለው ፎቶ ኖይዝ ካለበት እንደገና መነሳቱ አይቀርም ነበር። ጭራሽ እምቢ ካለችሽ ፎቶውን «ኤዲቶሪያል» በሚለው በኩል አሾልኬ ላስገባው እንዳትዪ። ያ ክፍል ፊርማ ባይጠይቅም ለዜናና ለማስተማሪያ የታሰበ ነው፤ ከተማ፣ አገርና ቀን ተጽፎበት፣ ምንም ሳይጠፋና ሳይጨመርበት የሚቀርብ እንደ ገበያና ሰልፍ ላለ ሕዝባዊ ትዕይንት እንጂ በቤቷ ለተቀመጠች ወዳጅ አይደለም።

የቀሩት አጫጭር ናቸው። አሁን ባለሽበት ሻተርስቶክ ላይ አዶቢ ስቶክን ጨምሪ፤ ሁለቱም ፎቶው የእነሱ ብቻ እንዲሆን ስለማያስገድዱ ያንኑ ፋይል ሁለቱም ጋ ማስቀመጥ ትችያለሽ። ስምሽ መታወቂያሽ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይሁን፤ የክፍያ ችግር ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከዚያ ነው። ክፍያው የሚላክባቸው ፔይፓል ወይም ፔዮኒር አንቺ ባለሽበት ገንዘብ መቀበል የሚያስችል መሆኑን ፎቶ ከመስቀልሽ በፊት አረጋግጪ። ከአሜሪካ ውጭ የምትኖሪ ከሆነ ደብሊው-8ቤን የተባለውን የግብር ቅጽ ሙዪ፤ በአገሮቹ መካከል የግብር ስምምነት ከሌለ አሜሪካ ውስጥ ከተሸጠው ላይ 30 በመቶ ሊቆረጥ ይችላል። ሎጎ ስታጠፊ ሶፍትዌሩ በአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ሙሉ ትዕይንት እንዳይፈጥርልሽ ተጠንቀቂ፤ ሻተርስቶክ እንዲህ የተፈጠረ ምስል ከአንሺዎች አይቀበልም፣ አዶቢ ስቶክ ደግሞ መሆኑን እንድትገልጪለት ይፈልጋል። ሁለቱም ለመመዝገብ ሳንቲም አይጠይቁም፤ «ክፈይና አካውንትሽን እናስፈቅድልሽ» የሚልሽ ከመጣ መልስ አትስጪው።